የሻንጣ አምስት ጌጦች

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እንግዶቹ፣ የሟች አክስቷ አምስት ጓደኞች፣ ሊደርሱ አምስት ሰዓት ሲቀራቸው፣ ምሁሯ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአክስቷን ፎቶግራፍ ስትፈልግ የአክስቷን ፓስፖርት ገለጠች። ማኅተም በማኅተም ላይ ተደራርቦበት ነጭ ቦታ የጠፋበት ፓስፖርት ነበር። ከመሃሉ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሾልካ ወለሉ ላይ ወደቀች። ጽሕፈቱ የአክስቷ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ አውሮፕላን ሊያመልጠው የደረሰ ሰው የጻፈው የሚመስል።

«ምሁሯ፣ ሳጥኑ ውስጥ አምስት ጌጦች አሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ክር አስሬባቸዋለሁ። ጓደኞቼን ሰብስቢና ክሩን እያየሽ አድይልኝ። ነጩ ለነርሷ፣ ቀዩ ለሹፌሯ፣ ሰማያዊው ለመምህርቷ፣ ቢጫው ለሞግዚቷ፣ አረንጓዴው ለልብስ ሰፊዋ። እንዳትሳሳቺ፣ አደራ።»

አንብባ ስትጨርስ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ክሮቹን ከትናንት በስቲያ በገዛ እጇ ቆርጣ ጥላቸዋለች።

እንዲህ ነው የሆነው። ምሁሯ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ የተማረችው የሙዚየም ዕቃ ማጽዳትና መጠገን ነው። «ምሁሯ» ያሏት የአክስቷ ጓደኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ለምስጋና፣ ግማሾቹ ለሽሙጥ። አገሯ በገባች ማግሥት እጇ ሥራ ፈትቶ አላስቀምጥ ሲላት ሳጥኑን ከፍታ አምስቱን ጌጦች አንድ በአንድ አጸዳቻቸው። ክር እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ብር ይበላል፤ ስለዚህ ቆረጠችው። በተማረችበት አገር ቢሆን ኖሮ አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ ቁጥር ሳትጽፍባት አትጥልም ነበር። እዚህ ግን የአክስቷ ቤት ነው፣ የቤት ዕቃ ነው፣ ማን ይጠይቃል? ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ትናንት ማለዳ መጥተው ሄደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ የምትለቅመው እንኳ አልቀረላትም።

ከጓደኞቿ አንዷ ጋ ደውላ ብትጠይቅስ? ስልኩን አነሳችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። አክስቷ ስትቀበር አልነበረችም። ፈተና ነበረባት፤ ከፈተናው በኋላ አውሮፕላን አልተገኘም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምትለው ጠፋት። አምስቱ ሴቶች የአስከሬን ሳጥኑን ጥግ ይዘው ሲሄዱ በስልክ በተላከላት ምስል ነው ያየችው። አሁን ደውላ «አንድ አደራ ብትሰጠኝ እሷንም በመቀስ ቆረጥኳት» ትበል? አትልም። አምስቱን ጌጦች ለአምስቱ ሴቶች ሳትሳሳት ትሰጣለች፤ እንዴት እንደሆነ ገና አታውቅም እንጂ።

አክስቷን ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሻንጣ በሚለው ስም ነው። ስሙ አያስከፋትም ነበር፤ ስልክ ስታነሳ ራሱ «አቤት፣ ሻንጣ ነኝ» ነበር የምትለው። ሠላሳ ዓመት ለአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጥለት መራጭ ሆና ሠርታለች። ሥራዋ አገር ላገር እየዞሩ በሚመጣው ዓመት ሰው የሚለብሰውን አበባና መስመር መምረጥ ነው። ፋብሪካው ለሦስት ቀን ይልካታል፣ እሷ ሳምንት ትቆያለች። ሁለት ቀን ለጨርቅ፣ የቀረው ለሥዕል አዳራሾችና ለጌጥ ሻጮች መንደር። ቤቷ ሁለት ክፍል ቢሆንም እስከ ጣሪያው ሥዕል ነው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንኳ አንድ ሥዕል ነበራት፤ ለምን ሲሏት፣ ሰው ተረጋግቶ የሚያየው እዚያ ብቻ ነው ትል ነበር። ባል አላገባችም። «አምስት ሴት አግብቼ ሌላ የት ላድርገው?» ማለት ትወድ ነበር።

ምሁሯ ሳጥኑን በብብቷ ይዛ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ምድር ቤት የወርቅ ሠሪው ሱቅ አለ። ሽማግሌ ነው፤ የሻንጣን ጌጦች ለሃያ ዓመት ሲበይድና ሲያጠብቅ የኖረ፣ ምላሱ ከመቁረጫው የሚስል። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ፊቱ ተኮማተረ።

«ምን አደረግሻቸው? ድስት መሰሉሽ እንዴ?»

«አጸዳኋቸው፣ ጋሼ።»

«ይሄማ ማጽዳት አይደለም፣ ማስመነን ነው።»

ምሁሯ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። እሱ ግን የቱ ጌጥ የማን እንደሆነ አያውቅም። የምታመጣቸውም የምትወስዳቸውም ሻንጣ ራሷ ነበረች፤ ስለ ሥዕል ጀምራ ስትለፈልፍ ትውላለች እንጂ የሰው ነገር ከአፏ አይወጣም። ሆኖም ሽማግሌው ሰው ሲጨነቅ ማየት አይወድም። መብራቱን አበራላት፣ ማጉያ መነጽሩን አቀበላት፣ «ጌጥ የለበሰውን ሰው ይመስላል» አላትና ወደ ሥራው ዞረ።

ያን ጊዜ ነው ደሟ የሞቀው። እውነት ነው! ይህን ለማየት አይደለም እንዴ አሥራ አንድ ዓመት የተማረችው? አንድ የተሰበረ ገንቦ ሰጥተዋት፣ ማን በየትኛው እጁ ያነሳው እንደነበር እንድትናገር ስትፈተን ኖራለች። ሺህ ዓመት የሞላውን ሰው ከዕቃው ካወቀች፣ በልጅነቷ አቅፈው ያሳደጓትን አምስት ሴቶች እንዴት ታጣቸዋለች?

መጀመሪያ ጉትቻዎቹን አነሳች። ከእያንዳንዳቸው ሐምራዊ የሐር ዘርፍ ይንጠለጠላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጋቸው አንዱ ዘርፍ ደምቋል፣ ሌላው ደግሞ የታጠበ ወረቀት መስሏል። ፀሐይ የሚመታት በአንድ ጆሮዋ በኩል ብቻ የሆነች ሴት ማን ናት? ቀኑን ሙሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የምትውል። «ሹፌሯ!» ብላ ጮኸችና ሽማግሌውን አስደነገጠችው።

ሁለተኛው ቀለበት ነው፣ ሰማያዊ ፈርጥ ያለው። ጣት ላይ የዋለ ቀለበት በውጭ በኩል ይጫጫራል፤ ይህ ግን ውጩ አዲስ ነው። ውስጡን በማጉያው ስታይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀጭን ጎድጓዳ መስመር አገኘች። ወርቅ ሠሪው ተቀብሎ አየና ሰንሰለት የበላው ነው አላት። ቀለበት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት፣ እጇን በየደቂቃው የምትታጠብ፣ ጓንት የምታጠልቅ። ነርሷ።

የማር ቀለም ያለው የዶቃ ሐብል ብዙ አላደከማትም። ከታች ካሉት ትልልቅ ዶቃዎች ሦስቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው። የጥርስ ምልክት ነው፤ ያውም ገና የወጡ የሁለት ጥርሶች። የሕፃናት ማቆያ የምትመራው ሞግዚቷ ታቅፋቸው ሲያኝኩት የኖሩ ሕፃናት ናቸው። የደረቱን ጌጥ ደግሞ ስታጸዳው ከተቀረጹበት ቅጠሎች ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ዱቄት መውጣቱ ትዝ አላት። ያን ጊዜ አቧራ መስሏት አልፋው ነበር። ጠመኔ ነው። መምህርቷ።

የቀረው አምባሩ ነው፤ ከባድ፣ የብር፣ አናቱ ላይ ወፍ የተቀረጸበት። አንድ ጎኑ ከስፌት መኪና ጠረጴዛ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ለጥ ብሏል። ሰፊዋ ናት፣ ምንም ጥርጥር የለውም። ብቻ በሌላው ጎኑም መፋተግ ጀምሯል፤ ጭረቱ አዲስ ነው። ምሁሯ አምባሩን በቀኝ እጇ አድርጋ አየችው፣ ወደ ግራ እጇ አዛውራ አየችው። የሆነ ነገር ገባት፤ ግን ለጊዜው የሚያስፈልጋት ስላልነበረ ተወችው።

ሰባት ሰዓት አልሞላም ነበር። ሽማግሌውን ግንባሩን ስማው በረረች። «ፈተናውን አልፈሻል ማለት ነው?» ብሎ ከኋላዋ ተጣራ። እሷ ግን አልሰማችውም፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሚነሳው አውሮፕላን፣ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሌሊት የሚያገላብጣት ሐሳብ፣ ሁሉም ከአእምሮዋ ወጥቶ ነበር። የምታስበው የአምስት ሴቶችን ፊት ብቻ ነው።

በዘጠኝ ሰዓት ደረጃው በሴት ድምፅ ተሞላ። ሹፌሯ ከፊት ናት፤ ሰፊ ትከሻዋን እያወዛወዘች «መንገድ፣ መንገድ» እያለች። መምህርቷና ሞግዚቷ እየተከራከሩ ተከተሉ። ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ዝም ብላ ገባች። ነርሷ መጨረሻ ነች፤ ምሁሯን ጉንጯን ሳመቻት፣ ግን ዓይኗን አላየችም።

ቤቱ ወዲያው ሞቀ። ሁሉም ሳትቀመጥ ወደየምትወደው ሥዕል ሄደች። መምህርቷ አንድ የወደብ ሥዕል ፊት ቆማ፣ ሻንጣ በዚህ ሥዕል ምክንያት አውሮፕላን እንዳመለጣት፣ ሻጩም አዝኖላት ሌላ እንደጨመረላት ተናገረች። ሞግዚቷ አልጨመረላትም፣ ሸጠላት እንጂ አለች። ሹፌሯ፣ አንድ ጊዜ ከሌላው የዓለም ጫፍ ደውላ ባሕሩ ዛሬ ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደሆነ ስትተርክላት መብራት አረንጓዴ ሆኖ ተሳፋሪው ሁሉ እንዴት እንደጮኸባት አስታወሰች። ሲስቁ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ምሁሯ እየሳቀች ሻይ ቀዳችላቸው።

ሳጥኑን ስታመጣ ግን እንደ ልጆች ተሰልፈው ተቀመጡ። ሹፌሯ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ምሁሯ ይህን ሁሉ ጉጉት አየችና ክዳኑን ከፈተች። ተነስታ ለእያንዳንዳቸው በሁለት እጇ ሰጠች፤ ጉትቻውን ለሹፌሯ፣ ቀለበቱን ለነርሷ፣ ሐብሉን ለሞግዚቷ፣ የደረቱን ጌጥ ለመምህርቷ፣ አምባሩን ለሰፊዋ። አልተሳሳትኩም ብላ ጠበቀች።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሹፌሯ ጉትቻዎቹን መዳፏ ላይ ገለበጠቻቸው።

«ምሁሯ፣ ይሄ እኮ እኔ የመለስኩት ነው» አለች ቀስ ብላ።

ቀስ በቀስ፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ እየቀጠለች፣ ነገሩን አስረዷት። የእነዚህ ጌጦች ባለቤት የለም። ሻንጣ ከጉዞ በተመለሰች ቁጥር ሁሉም አድርጋው የቆየችውን ጌጥ ይዛ ትመጣለች፣ ሻንጣም በተራው ለማን እንደሚደርስ በክር አስራ ትሰጣለች። መምህርቷ ርእሰ መምህር እንድትሆን ስትለመን፣ አንገቷን ለእምቢታ መነቅነቅ እንዳትረሳ ብላ ጉትቻውን ሰጥታታለች። ሞግዚቷ ባሏ የሞተ ዓመት፣ ሰው እንዲያያት ብላ አምባሩን። ጌጥ አንድ አንገት ላይ ካረጀ ባለ አንገቷም ታረጃለች ትል ነበር። ሻንጣ ከታመመች ወዲህ ግን ጉዞ የለም፤ ሦስት ዓመት ተራው ቆመ። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት አምስቱንም ጠርታ ጌጦቹን ሰበሰበች። ክሩን አስሬ አዘጋጀዋለሁ አለቻቸው።

«ሦስት ዓመት ጠብቀናል፤ እና ክሩ ምን ይል ነበር?» አለች መምህርቷ።

ምሁሯ መዋሸት ትችል ነበር። ረሳችው ብላ ሟች ላይ ማላከክ ይቻላል፤ ሙት አይከራከርም። ግን ከአፏ የወጣው እውነቱ ሆነ። ክሮቹን እንደቆረጠች፣ የት እንደጣለች፣ ወረቀቱን መቼ እንዳገኘች፣ የቱ ቀለም የቱ ጌጥ ላይ እንደነበር እንደማታስታውስ፣ ሁሉንም ቆማ ተናገረች።

ሞግዚቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሹፌሯ ልትቀልድ ከጀመረች በኋላ ተወችው። ነርሷ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ክሩ እኮ የመጨረሻ ቃሏ ነበር» አለች። «ለእያንዳንዳችን ምን እንዳሰበች። በእሱ ነበር የምናውቀው።»

ምሁሯ ወለሉን አየች። የሚቀጥለውን አውሮፕላን ነገ ብታገኘው ትሳፈርበት ነበር።

ከገባች ጀምሮ አፏን ያልከፈተችው ሰፊዋ ወደ ምሁሯ ዞረች። አምባሩ እሷ ዘንድ እንደነበር ማን እንደነገራት ጠየቀች። ማንም አልነገረኝም አለች ምሁሯ። ታዲያ በምን አወቅሽ? ምሁሯ መጀመሪያ ተንተባተበች፤ ከዚያ ጉትቻውን አንስታ የደበዘዘውን ዘርፍና የሹፌሯን መስኮት ነገረቻቸው። ሹፌሯ እጇን ግራ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ምሁሯ ስለ ሐብሉ ስትነግራቸው ሞግዚቷ ጮኸች። መንትዮቹ ናቸው፣ ባለፈው ዓመት የገቡት፣ ያውም ተራ እየገቡ ነበር የሚነክሱት። ጠመኔውን ሲሰሙ መምህርቷን እየጠቆሙ ሳቁባት፤ ደረቷ ላይ ሰሌዳ አለ እንዴ እያሉ። ሹፌሯ ማጉያ መነጽር አምጪና እኔም ልይ ብላ ተነሳች። ክፍሉ እንደገና ተንጫጫ። ምሁሯም ነፍሷ መለስ ሲል ምላሷ ተፈታና አምባሩን አነሳች፤ ሳታስበው።

«ይሄ ጎን የድሮው ነው፣ በቀኝ እጅ ሲፋተግ የኖረው። ይሄኛው አዲስ ነው፣ ከጥቂት ወር ወዲህ። እትዬ፣ አምባሩን ወደ ግራ እጅሽ አዛውረሽዋል። ቀኝ እጅሽን ያምሻል?»

ሁሉም ወደ ሰፊዋ ዞሩ። ሰፊዋ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ሥር ልትከት ሞከረች፤ ነርሷ ግን ቀደመቻትና ያዘችው። አንጓው አብጧል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ብላ ስትቆጣት ሰፊዋ አራት ወር አለች፤ ደንበኛ ሰምቶ እንዳይሸሽ ብዬ ነው አለች። አብሬሽ በየሳምንቱ ሻይ ስጠጣ ደበቅሽኝ ብላ ነርሷ ተንገበገበች። ሹፌሯ እንኳን ካንቺ ከራሷም ደብቃለች አለች። ከስድቡ ጋር እንባም መጣ፣ ከእንባው ጋር ሳቅ።

ሰፊዋ አምባሩን ወደ ምሁሯ ገፋችው። «ሻንጣ ብትኖር ይቺን እጄን አይታ ነበር ክሩን የምታስረው። ካየሽ አይቀር ንገሪኛ፣ ለማን ይድረስ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። እጅሽን እንጂ አንቺን አላውቅሽም። አሥራ አንድ ዓመት አልነበርኩም።»

«ሻንጣስ መች አውቃን ተወለደች?» አለች ሹፌሯ። «እየዞረች ነው ያወቀችን።»

ምሁሯ ይህንንም አታውቅም ነበር። ሻንጣ ከአውሮፕላን እንደወረደች ዕቃዋን ሳትፈታ አምስት ቀን አምስቱ ጋ ትውላለች። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሯ ጀርባ፣ ክፍሉ ውስጥ ከመጨረሻው ወንበር፣ የስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ። አትረዳም፣ አታወራም ማለት ይቻላል፤ ለእሷ ያ ከባድ ነበር። ታያለች። ክሩ ከዚያ በኋላ ነው።

«እንግዲያው አምስት ቀን ስጡኝ» አለች ምሁሯ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የሷን ቃል መመለስ አልችልም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ከተሳሳትኩም ንገሩኝ።»

መምህርቷ ወዲያው የክፍል ሥራ አስመሰለችው፤ ወረቀት አውጥታ ቀን መደልደል ጀመረች። ሞግዚቷ ሰኞ አይሆንም፣ ሰኞ ሕፃናቱ ሁሉ ያለቅሳሉ አለች። ታዲያ እሱን አይደል ማየት ያለባት ብላ መምህርቷ ጻፈችው። ሹፌሯ የእኔ መስመር ረጅም ስለሆነ አንድ ቀን አይበቃም፣ ሁለት ይሁንልኝ ብላ ተሟገተች፤ ሰፊዋ በግራ እጇ ገፈተረቻት። እየተሟገቱ ጌጦቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሱ፣ ጉትቻው፣ ሐብሉ፣ የደረቱ ጌጥ፣ አምባሩ።

ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ነርሷ ጣቷን ፈርጡ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ምሁሯ ይቅርታ ብላ ልታበላሸው አልፈለገችም።

«ነገ ተረኛ ነኝ» አለች ነርሷ በመጨረሻ። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ካላገኘሁሽ አልጠብቅሽም።»

«ምን ልሥራ እዚያ?»

«ምንም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ፣ ትቀመጫለሽ። አልቅሰሽ ካስቸገርሽኝ አስወጣሻለሁ።»

ቀለበቱን አንስታ ሳጥኑ ውስጥ ጣለችው፤ ክዳኑን የዘጋችው ግን ቀስ ብላ ነው። ምሁሯ ብዕሩን ከመምህርቷ ቀማችና ወረቀቱ ላይ ከነገው ቀን አጠገብ በትልቁ አንድ ሰዓት ብላ ጻፈች።